ገበያው ከባሕር ማዶ፣ ነጣቂው ከጎረቤት

ከመቱ ወደ ያዩና በደሌ የሚያቀናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ሁሩሙ ያደርሳል። ዛሬ በቡናው የሚታወቀው ይህ አካባቢ ከ150 ዓመት በፊት ሌላም ነገር ይወጣበት ነበር፦ ልጅ። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ሁሩሙ አቅራቢያ የተወለደና በ4 ዓመቱ አባቱ የሞተበት አንድ ልጅ፣ በ1861 ዓ.ም. አካባቢ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። አድጎ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በጻፈው የራሱ ታሪክ እንደገለጸው፣ ምጽዋ ላይ ነፃ እስኪወጣ ድረስ 8 ጌቶች ተቀባብለውታል። ከኢሉባቦር ጫካ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያለውን አገር በሙሉ ያየው የሰው ንብረት ሆኖ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጎም የሚታወሱት ኦነሲሞስ ነሲብ ማለት ይህ ልጅ ናቸው።

የባሪያ ንግዱ ልጅ የሚመርጥበት ምክንያት ነበረው። ጎልማሳ ይታገላል፣ ያሴራል፣ ካመለጠም የመጣበትን መንገድ አይስትም። ልጅ ግን በማባበልም በማስፈራራትም ይነዳል፣ የገዢውን ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል፣ አገሩን ይረሳል ተብሎ ይታሰባል። በዚያን ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ከነበሩት ባሪያዎች አብዛኞቹ ልጆችና ወጣት ሴቶች የነበሩትም በዚህ የተነሳ ነው። ከጊቤ ማዶ ከሚገኙት አገሮች የተነዳው ሰው አባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ይወጣል፤ ከዚያ በጎንደር አልፎ ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ሌላው መስመር በሸዋ በኩል፣ በአልዩ አምባ አጠገብ ባለው ገበያ አድርጎ ታጁራ ይደርሳል። በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፣ በየገበያው ዋጋ ይጨምራል። ሁሩሙ ላይ ልጁን ከእናቱ የነጠቀው ሰውና ጅዳ ላይ ሊገዛው የሚችለው ባለጸጋ በሕይወታቸው አይተያዩም፤ አንዱ የሌላውን ስምም አያውቅም።

ኦነሲሞስን ምጽዋ ላይ ነፃ ያወጣው ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው። በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ ይሠራ ነበር። ልጁን ከምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ትምህርት ቤት ለከፈቱት የስዊድን ሚሲዮናውያን ሰጣቸው። ኢሉባቦር የተወለደን ልጅ ለማዳን አንድ ስዊዘርላንዳዊ፣ አንድ የፈረንሳይ ቆንስላና አንድ የስዊድን ትምህርት ቤት ተባበሩ ማለት ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያልቅም። ይኸው ሙንዚንገር ብዙም ሳይቆይ ለግብፅ አድሮ የምጽዋ ገዢ ሆነ፣ ቦጎስን ያዘ፣ በ1868 ዓ.ም. ደግሞ የግብፅ ጦር እየመራ ሲገባ አውሳ ላይ ተገደለ። ልጅ ነፃ ያወጣው እጅ አገር ሊይዝ ሲዘረጋ የታየበት አንድ ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም።

ኦነሲሞስ በ1864 ዓ.ም. ተጠመቁ፣ ስዊድን ሄደው 5 ዓመት ተማሩ፣ ተመለሱ። ወደ ወገኖቻቸው ለመግባት ግን ዓመታት ፈጀባቸው። በሱዳን በኩል ሞከሩና አሶሳ ደርሰው ተመለሱ፤ በታጁራ በኩል ሞከሩና እንጦጦ ላይ መንገዱ ተዘጋ። እምኩሉ ተቀምጠው ትርጉሙን የሠሩት ይህ ሁሉ ካልተሳካ በኋላ ነበር። አብረዋቸው የሠሩት አስቴር ጋኖም የተሰረቁ ልጅ ነበሩ። የሊሙ ኢናርያ ንጉሥ ባሪያ ካደረጓቸው በኋላ ወደ ዓረብ አገር ሲጫኑ፣ በ1878 ዓ.ም. ጣልያኖች ጀልባዋን ባሕር ላይ ይዘው እምኩሉ አደረሷቸው። አስቴር ከልጅነታቸው የሚያስታውሱትን ወደ 500 የሚጠጋ የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን በጽሑፍ አሰፈሩ። ልጅ አገሩን ይረሳል ብሎ የገመተው ነጋዴ በእኚህ ሴት ተሳስቷል። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1891 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳንክት ክሪሾና ታተመ፤ ኦነሲሞስም በ1896 ዓ.ም. ወለጋ ገብተው ነቀምት ተቀመጡ። ያረፉት ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው።

ስለ ተሰረቁት ልጆች ከሁሉ የበለጠ ዝርዝር የተጻፈው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ሳይሆን ከዓደን አጠገብ ሼክ ዑስማን በሚባል ስፍራ ነው። በ1881 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከራሃይታ ዳርቻ ተነስተው ወደ ዓረብ አገር የሚቀዝፉ ጀልባዎችን አስቆመች። ከ200 በላይ ሰው ተጭኖባቸው ነበር፤ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑትን የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን ሼክ ዑስማን ላይ ተቀበሏቸው።

ሚሲዮናውያኑ ኦሮምኛ የሚያውቁ አስተርጓሚዎች አስቀምጠው ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቁ። ስምህ ማነው? አገርህ የት ነው? አባትህ በምን ይተዳደር ነበር? ስንት ወንድምና እህት አለህ? ማን ወሰደህ? ለማን ሸጠህ? መንገድ ላይ ምን ያህል ቆየህ? ጥያቄው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ መልሱም በየልጁ ስም ተጻፈ። ደቡብ አፍሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሳንድራ ሮዎልት ሼል ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ 64 ታሪኮችን አሰባስባ በመጽሐፍ አወጣቻቸው። ከመዝገቡ የሚወጣው ሥዕል ፈረስ ጋልቦ መንደር የሚያቃጥል ወራሪ ብቻ አይደለም። ጎረቤት አለበት፣ ዘመድ አለበት፣ ድርቅና ዕዳ ያለበት ቤተሰብ አለበት። ብዙዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሸጠዋል። የመጀመሪያው ሻጭ ግን አንዳንዴ ልጁ በስሙ የሚጠራው ሰው ነበር።

64ቱ ልጆች፣ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች፣ በነሐሴ 1882 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላቭዴል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተላኩ። ከ20 ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ 17 ያህሉ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከቀሩት ብዙዎቹ እዚያው ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ከሴቶቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ፣ ከማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት የታሰሩት ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር አያት ናቸው።

የዚያ ዘመን ዓለም አቀፍ ትብብር ጠንካራም ደካማም ጎኑ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ቆንስሉም፣ የጦር መርከቡም፣ ሚሲዮኑም ልጁን ያገኙት በመንገዱ ጫፍ ነው። ያዳኑት ሰው እውነተኛ ነው፤ ግን ከጌታ ወደ ጌታ ከተሸጠ በኋላ ነው ያዳኑት። ሁሩሙ ላይ፣ ጉማ ላይ፣ ሊሙ ላይ እናቲቱ ስትጮህ የሚሰማ ዳኛ አልነበረም። ባሕር ላይ የሚጠብቅ መቶ መርከብ ቢኖር ኖሮም ለመጀመሪያው ሌሊት አይደርስም ነበር።

የምኒልክ ጦር ኢሉባቦርን ሲይዝ ጎሬ የአገረ ገዢ መቀመጫ ሆነች። ከመቱ በስተደቡብ ከፍታ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን ስሟ ገነነ። ባሮን ይዞ ወደ ካርቱም የሚወርደው የጋምቤላ ንግድ ደግሞ ቡናዋን ለዓለም ገበያ አቀረበላት። ነጋዴ መጣ፣ የእንግሊዝ ቆንስላ ተከፈተ። የባሪያው ነገር ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ማጂንና ጊሚራን የመሳሰሉት የደቡብ ምዕራብ አገሮች በዘመቻና በፍንገላ ተራቆቱ፤ የተፈነገሉትም ወደ ባሕር ማዶ ብቻ ሳይሆን ወደ አገር ውስጥ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ቤት ይገቡ ነበር። ቆንስሎቹ ያዩትንና የሰሙትን እየጻፉ ወደ ለንደን ላኩ። እንግሊዝም ደብዳቤዎቹን አሳትማ ለዓለም በተነች።

መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል መግባት የአባልነቱ አንዱ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ወደ ጄኔቭ የሄደውን ልዑክ የመሩት ደጃዝማች ናደው አባ ወሎ፣ ኋላ ራስ ናደው፣ ኢሉባቦርን ከገዙት መኳንንት አንዱ ናቸው። ይህ አጋጣሚ ከሚያገኘው ትኩረት በላይ የሚገባው ይመስላል። ጄኔቭ ላይ ቃል የገባው አፍና ጎሬ ላይ የሚያዝዘው አፍ የአንድ ሰው ነበር፤ የሁለቱ ከተሞች ርቀት ግን በአንድ ሰው አፍ የሚጠብብ አልሆነም። መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ ለማክሰም የተዘጋጀው ሕግ ወጣ። ቀደም ብሎም በባሪያ ንግድ ላይ የሞት ቅጣት የሚጥል አዋጅ ታውጆ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰሞን ጄኔቭ ውስጥ ሌላ ጽሑፍ መጽደቂያውን ይጠባበቅ ነበር። መስከረም 16 ቀን 1917 ዓ.ም. ማኅበሩ የሕፃናት መብት መግለጫን አጸደቀ። ዓለም ስለ ልጆች መብት የጻፈው የመጀመሪያው የጋራ ሰነድ መሆኑ ነው። አርቃቂዋ እንግሊዛዊቷ ኤግላንታይን ጄብ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተራቡ ልጆች ገንዘብ ስትሰበስብ የቆየች ሴት ናት። ሰነዱ በጣም አጭር ነው፤ ልጅ ከማንኛውም ዓይነት ብዝበዛ ይጠበቅ የሚል ቃል ግን አለበት። ኢትዮጵያ ይህ ሲጸድቅ አባል አገር ነበረች።

አዲስ አበባ ውስጥ ከባርነት ነፃ የወጡትን ልጆች ማስተማር የጀመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እርሳቸውም ቢሆኑ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ሕንድ የደረሱ ልጅ ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሌሎች ልጆች የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የተወሰዱ ልጆች ሆነው መገኘታቸው ያስገርማል።

አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ሥራ ጎሬ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። በ1924 ዓ.ም. ነሐሴ መንግሥት የባርነት ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ፍራንክ ዴ ሃልፐርት የተባለ እንግሊዛዊም ለአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱ ዳኞች ተሾሙ። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሬ ግን በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነው፤ የክረምቱን ጭቃና የሞላውን ወንዝ ሳይጨምር። ባሪያ ፈንጋዩን እንዲይዝ የሚጠበቀው ሹም ራሱ በቤቱ ባሪያ አለው። አማካሪውም ሥራው አልራመድ ብሎት ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተወው።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ በሌሎች እጅ ገባ። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ጣልያን ለማኅበሩ ባቀረበችው ረጅም ክስ ኢትዮጵያ ባርነትን አላጠፋችምና አባል ልትሆን አይገባትም አለች። ወራሪው ጦር ትግራይ ሲገባም የባርነትን መቅረት አወጀ። ቆንስሎች ለዓመታት የጻፉት እውነት ነበር፤ እውነቱ ግን መርዝ ጋዝ ለያዘ ጦር መንገድ ጠራጊ ሆነ። አዲስ አበባ ከወደቀች በኋላ ጊዜያዊ መንግሥት የቆየባት ጎሬም በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጣልያን እጅ ገባች። ባርነትን ጨርሶ ያጠፋው ሕግ የወጣው ከድል በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ በራሷ አዋጅ ነው።

የልጆቹ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። ጋምቤላ ለረጅም ዘመን የኢሉባቦር አውራጃ ነበረች። የመቱ ሰዎች ዛሬም ቆላው ሲሉ ወደዚያ ይጠቁማሉ። በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ልጆች፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ ያለ ወላጅ በእግራቸው ወደዚህ ቆላ ጎረፉ። ፊኙዶ በተባለው መጠለያ ከ10,000 በላይ የሚሆኑት ተሰበሰቡ። እንደ ጎጆ ቤት ያለ ነገር ራሳቸው ሠሩ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በጣታቸው አፈር ላይ ፊደል ጻፉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እህሉን አቀረበ፤ ራዳ ባርነን የተባለው የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅት አስተማሪዎችንና ተንከባካቢዎችን አሠለጠነ። በሌላ በኩል የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ከእነዚሁ ልጆች መካከል ተዋጊ ይመለምልና ያሠለጥን እንደነበር የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ቀን እርሳስ የያዘ ልጅ ሌላ ጊዜ ጠመንጃ ይይዝ ነበር። ዕርዳታ ሰጪዎቹ ይህን አያውቁም ነበር ለማለት ይከብዳል።

ግንቦት 6 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀበለች። ደርግ ሊወድቅ 2 ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚያው ሰሞን የፊኙዶ ልጆች መጠለያውን ጥለው ወደ ሱዳን ድንበር ይሮጡ ነበር። ጊሎ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ዋና የማይችለው ብዙ ነበር፤ ከኋላ ተኩስ ነበር። ያለቁትን በትክክል የቆጠረ የለም። የተረፉት በዓመቱ ኬንያ ካኩማ ደረሱ፤ ወደ 4,000 የሚጠጉትን ኋላ አሜሪካ ወሰደቻቸው።

መቱ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የሆነችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጎሬ ተቀብላ ነው። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በሰፈራ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በርካታ ሕዝብ ወደ ኢሉባቦር ሲመጣ፣ ወላጁ የሞተበትና ከወላጁ የተለያየ ልጅም አብሮ መጣ። በዚያ ሰዓት እዚህ የደረሰው ሰው ካርልሃይንዝ ቦም ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ካርል ብለው የሚጠሩት ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በአንድ የጀርመን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ፣ ከሦስት ተመልካቾች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ ለአፍሪካ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ውርርዱን አሸነፈ፤ የተዋጣው ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር። በዚያ ገንዘብ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ መቱ ውስጥ አብዲ ቦሪ የተሰኘ የሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች አድገውበታል። የሴት ልጅ ግርዛትንና ያለዕድሜ ጋብቻንም ከየቀበሌው ሽማግሌዎችና እናቶች ጋር እየተነጋገረ ሲታገል ቆይቷል። የከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል ዛሬም መቱ ካርል ይባላል።

ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ብዙም አይወራም። አውሮፓ የሚያውቀው በ‘ሲሲ’ ፊልሞች፣ የኦስትሪያን ወጣት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲጫወት ነው። በ1952 ዓ.ም. ግን ‘ፒፒንግ ቶም’ በተባለ የእንግሊዝ ፊልም ላይ፣ በልጅነቱ አባቱ ሆን ብሎ እያስፈራራ በካሜራ ሲቀርጸው የኖረ፣ በዚያም የተነሳ አእምሮው የተቃወሰ ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ፊልሙ በወቅቱ ክፉኛ ተወገዘ። ካሜራ ራሱ ልጅን የመበደያ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነበር።

በጎ አድራጊ ሁሉ ካርል አይደለም። በ1980ዎቹ ወሎ ጃሪ በሚገኝ፣ አንድ የውጭ ድርጅት ያስተዳድረው በነበረ የሕፃናት መንደር ውስጥ፣ ልጆቹን እንዲጠብቅ የተሾመው ፈረንጅ ሠራተኛ ራሱ ወንዶች ልጆችን ሲደፍር ኖሯል። ነገሩ ከዓመታት በኋላ ወጥቶ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ አሰረው። ሰውየው ጃሪን ለቅቆ ድንበር ተሻግሮ ሌላ አገር ሥራ ይዞ ነበር። ልጆቹ ለመናገር ያህል ሲያድጉ እሱ በሌላ አገር ሕግ ጥላ ሥር ነበር፤ ከዚያ ለማምጣት ትብብር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ስልኩ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ለመቱና ለጎሬ ታዳጊዎች ኢንተርኔት ማለት ኮምፒውተር አይደለም፤ በእጅ ያለ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ነው። ልጆች የሚጠመዱበትን መንገድ የማያውቅ አስተማሪ የለም። አንዱ ካርድ ልሙላልሽ ይላል፤ ፓኬጅ ይገዛል፤ ወር ሁለት ወር ጥሩ ወሬ ያወራል። ከዚያ አንድ ፎቶ ይጠይቃል። ፎቶው ከተላከ በኋላ ወሬው ይቀየራል፤ ሁለተኛውን ካልላክሽ የመጀመሪያውን ለአባትሽ፣ ለክፍልሽ ልጆች እለቀዋለሁ ይላል። ወንዶች ልጆችም ከዚህ አያመልጡም፤ እነሱ የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ነው።

ኢንተርፖል፣ ዩኒሴፍና ኤክፓት የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በአፍሪካና በእስያ 13 አገሮች ባደረጉት የጋራ ጥናት ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ከሆኑና ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ የኢትዮጵያ ልጆች ከ10 አንዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ በመስመር ላይ ከባድ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ብዝበዛ ደርሶበታል። አጥኚዎቹ ቁጥሩን በአገር ደረጃ ሲገምቱት 300,000 ያህል ልጆች ይሆናሉ። ሌላው ግኝት የሼክ ዑስማንን መዝገብ ላነበበ አዲስ አይደለም፦ አጥቂው ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ወላጆች የሚፈሩት ከሩቅ አገር የሚጽፈውን ባዕድ ነው፤ እሱም አለ። ግን የአጎት ልጅ አለ፣ የሠፈር ጎረምሳ አለ፣ አስጠኚ አለ። ምስሉ አንዴ ከስልኩ ከወጣ ግን ገዢው የት እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ተከትሎ የወጣውን፣ የልጆችን ሽያጭና የልጆችን ወሲባዊ ምስል የሚከለክለውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ2006 ዓ.ም. ተቀብላለች። ከ2 ዓመት በኋላ የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የልጅን ወሲባዊ ምስል የሚያዘጋጅ፣ የሚያሰራጭ ወይም ይዞ የሚገኝ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። በመልእክት ልጅን የሚያባብልም ተጠያቂ ነው። ዓቃቤ ሕግ ከሌሎች አገሮች ጋር መረጃና ማስረጃ እንዲለዋወጥም አዋጁ ፈቅዷል።

ትብብሩ በተግባር እንዲህ ነው የሚሠራው። የአሜሪካ ኩባንያዎች በመድረኮቻቸው ላይ የልጅ ወሲባዊ ምስል ሲያገኙ ለጠፉና ለተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል እንዲያሳውቁ የአገራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ማዕከሉ ተጠቃሚው የየት አገር እንደሆነ ለይቶ ለዚያ አገር ፖሊስ ይልካል። ኢትዮጵያ የኢንተርፖል አባል ከሆነች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ጥቆማው አዲስ አበባ መድረስ አያቅተውም። ከአዲስ አበባ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ኢሉባቦር ዞን፣ ከዞን ወደ መቱ ወይም ጎሬ ፖሊስ የሚወርደው መንገድ ግን እንደ ዴ ሃልፐርት ዘመን ሁሉ የሚያዘግም ነው። በቅሎው ቀርቶ የደብዳቤ ልውውጥ ተተክቷል፤ ስልክ ውስጥ ያለን ማስረጃ ሳያበላሽ የሚያወጣ ባለሙያ የሚገኘውም በአብዛኛው ዋና ከተማዋ ላይ ነው።

ቋንቋውም አለ። የመቱ ልጅ የሚጽፈው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ሲቀላቀልበት፣ ፊደሉ ሲያጥር፣ የሠፈር ቃል ሲጨመርበት ማሽን አይገባውም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፌስቡክ ያፈተለኩት ሰነዶች ኩባንያው በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚጻፈውን የመቆጣጠር አቅሙ ምን ያህል ደካማ እንደነበር አሳይተዋል። ክርክሩ ያኔ በጥላቻ ንግግር ላይ ነበር፤ የኢትዮጵያ ልጆች ጉዳይ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ብዙም ሳይነሳ አለፈ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው መስመር እንደተገናኘ የሚያሳየው ይህ መረጃ ነው፤ መልእክቱ ከስልኩ ቢጠፋም መርማሪው ሊነሳበት የሚችለው እሱ ነው። ልጅ ግን ቶሎ አይናገርም፦ በኢንተርፖል፣ በዩኒሴፍና በኤክፓት ጥናት ከተጠየቁት ልጆች የደረሰባቸውን የተናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ለጓደኛ ነው፤ ፖሊስ ጋር የሄደው እጅግ ጥቂት ነው። የቀሩት ለማንም አልተነፈሱም። ልጁ አድጎ ለመናገር ሲደፍር፣ ወይም እናቱ በሌላ ሰው ስልክ ላይ አይታ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስትሮጥ፣ መረጃው የሚቀመጥበት ያ ዓመት ብዙ ጊዜ አልፏል።